የወላይታ ጓሮ፤ ለሳህንም ለእግርም

ከወላይታ ሶዶ ተነስቶ ወደ አረካም ሆነ ወደ ቦዲቲ የሚጓዝ ሰው ዓይኑ አረንጓዴ አያጣም። ቤቶቹ በእንሰት ተከበዋል፤ ከእንሰቱ ሥር ጎደሬው ሰፋፊ ቅጠሉን ዘርግቷል፤ አለፍ ሲል ቡናው፣ ሙዙ፣ አቮካዶው ይታያል። ከበላይ ደግሞ የዳሞታ ተራራ አለ። ይህን ያየ እንግዳ «እዚህ አገር ማን ይራባል?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም።

ነገር ግን በ2000 ዓ.ም. የበልጉ ዝናብ ዘግይቶና የምግብ ዋጋ ንሮ በነበረበት ጊዜ፣ በወላይታና በአጎራባች አካባቢዎች በርካታ ሕፃናት በከፍተኛ የምግብ እጥረት ተጎድተው ወደ ሕክምና ጣቢያዎች ገብተዋል። በኋላ ዝናቡ መጥቶ ማሳው ለምልሞ ሳለ ችግሩ ወዲያው አልቆመም። ያ ወቅት «አረንጓዴ ረሃብ» የሚል ስም የተሰጠው ለዚህ ነው። ማሳ አረንጓዴ ሆኖ የልጅ ሳህን ባዶ ሊሆን እንደሚችል፣ ባዶ ባይሆንም እንኳ አንድ ዓይነት ነጭ ምግብ ብቻ የያዘ ሊሆን እንደሚችል የታየበት ጊዜ ነበር።

ውድ አንባቢያን፣ በዛሬው ዓምዳችን የምናነሳው ስለ ጓሮ ነው። ጓሮ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ግብርናን ወይም የቤት ወጪን ነው። በወላይታ ግን ጓሮ ከጤና ጉዳዮች ሁሉ ቀዳሚ ሊባል የሚችል ነው። ከጓሮው ወደ ሳህን የሚመጣ ጤና አለ፤ ከጓሮው በእጅና በእግር በኩል ወደ ሰውነት የሚገባ ሕመምም አለ። ሁለቱን ነጥሎ ማየት አይቻልም። አንዲት እናት በማለዳ ወጥታ ለልጇ ጎመን ስትቀጥፍ በባዶ እግሯ የምትቆምበት አፈር ያው አንድ አፈር ነውና።

የቤት ዳር መሬት

የወላይታ አርሶ አደር መሬቱን በሁለት ከፍሎ ይጠራዋል። ቤት ዙሪያ ያለው፣ በከብት ፍግና በቤት ጥራጊ ለዘመናት የዳበረው ጥቁር መሬት ዳርኩዋ ይባላል። እንሰት፣ ጎደሬ፣ ጎመንና ቡና የሚገኙት እዚያ ነው። ራቅ ብሎ ያለው፣ በቆሎና ስኳር ድንች የሚዘራበት ሜዳ ደግሞ ሾቃ ነው። ከብት ያለው ቤተሰብ ዳርኩዋው ሰፊ ነው፤ ከብት የሌለው ግን ፍግ ስለማያገኝ የለማው መሬት ቤቱን ተጠግቶ ይቀራል። ስለዚህ ከብት የሞተበት ቤት የሚያጣው ወተቱንና ቅቤውን ብቻ አይደለም፤ ከዓመት ዓመት ጎመኑም ይቀጥናል። ብስባሽ ወይም ኮምፖስት ማዘጋጀት ለጤና ዓምድ የማይመጥን ወሬ ቢመስልም፣ ከብት ለሌላት እናት የልጇ ምግብ ከሚወሰንባቸው ነገሮች አንዱ ነው።

ወላይታ አብሮ የማልማት ልምድ አያንሰውም። ማሳ በደቦ ይታረሳል፤ እንሰት ሲፋቅ የጎረቤት ሴቶች ይሰባሰባሉ። ሁምቦ ላይ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በወርልድ ቪዥንና በዓለም ባንክ ድጋፍ፣ በ7 የኅብረት ሥራ ማኅበራት የተደራጁ ነዋሪዎች ከ2 ሺህ 700 ሄክታር በላይ የተራቆተ ተራራማ መሬት ከልለው ደኑ ከቀረው ጉቶ እንደገና እንዲያቆጠቁጥ አድርገዋል። ከደኑ የካርቦን ሽያጭ ገቢም አግኝተዋል። በትምህርት ቤቶች ያሉ የአካባቢ ጥበቃ ክበባት፣ በቀበሌ ያሉ የሴቶች ልማት ቡድኖችና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የሚያሳዩት የምግብ ዝግጅት ሠርቶ ማሳያ ሁሉ የዚሁ ልምድ ቅጥያ ናቸው። በኅዳር 2015 ዓ.ም. አርባ ምንጭ ላይ ይፋ የሆነው የሌማት ትሩፋትም የቤተሰብን ማዕድ ከራሱ ደጅ የማሟላት ሐሳብ አለው። ጥያቄው ይህ ሁሉ መሰባሰብ ለምርት ብቻ ሳይሆን ለጤናም እንዲውል ምን ይደረግ የሚለው ነው።

ነጩ ሳህንና ብርቱካናማው ድንች

እንሰት ትልቅ ባለውለታ ነው። ድርቅን ይቋቋማል፤ መሬት ውስጥ ዓመታት ቆይቶ በችግር ጊዜ ይደርሳል። ቆጮና ቡላ ኃይል ይሰጣሉ፤ በፕሮቲን ግን በጣም ደካማ ናቸው። ጎደሬ፣ ነጩ ስኳር ድንችና ካሳቫም እንዲሁ ሆድ ይሞላሉ እንጂ ብቻቸውን ልጅ አያሳድጉም። በአገር አቀፍ ደረጃ እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ5 ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 37 በመቶው ለዕድሜያቸው የሚገባውን ቁመት ያላገኙ፣ የቀነጨሩ ሆነው ተገኝተዋል። መቀንጨርን በ2030 እ.ኤ.አ. ለማስቀረት የሰቆጣ ቃል ኪዳን በ2007 ዓ.ም. የተገባውም ለዚህ ነው። የቀነጨረ ልጅ ብዙውን ጊዜ ምግብ ፈጽሞ የተነፈገ ልጅ አይደለም። ሲመግቡት የኖሩት፣ ግን ያንኑ አንድ ምግብ ደጋግመው የመገቡት ልጅ ሊሆን ይችላል።

ለዚህ ነው ባለሙያዎች ቆጮውን ከቦሎቄ፣ ከባቄላ ወይም ከአተር ጋር አዋህዱት የሚሉት። ቦሎቄ በወላይታ በደንብ የሚመረት ነው፤ አብዛኛው ግን ገበያ ይወጣል። ከምርቱ ለቤት የሚቀረውን አስቀድሞ ለይቶ ማስቀመጥ፣ ዶሮ ያለው ቤት ደግሞ ከሳምንቱ እንቁላል ጥቂቱን ለትንሹ ልጅ ማስቀረት ብዙ ለውጥ ያመጣል። እንቁላሉን ሸጦ ለልጁ ብስኩትና ከረሜላ መግዛት የከፋ ንግድ ነው፤ የሚያሳዝነው ግን በከተማም በገጠርም የተለመደ መሆኑ ነው።

ከሁሉም ይበልጥ ልንቆይበት የሚገባው ስለ ብርቱካናማው ስኳር ድንች ነው። ወላይታ ከአገራችን ቀዳሚ የስኳር ድንች አምራቾች አንዷ ናት፤ የለመደችው ግን ነጩን ነው። ነጩ ስኳር ድንች ቫይታሚን ኤ የለውም ማለት ይቻላል። ውስጡ ብርቱካናማ የሆነው ዝርያ ግን ካሮትንና ዱባን ቀለም የሰጣቸው ቤታ ካሮቲን በብዛት አለው፤ ሰውነታችን ይህን ወደ ቫይታሚን ኤ ይለውጠዋል። 125 ግራም ያህል፣ ማለትም አንድ መካከለኛ ድንች፣ የአንድን ትንሽ ልጅ የቀን ፍላጎት ሊሸፍን ይችላል። ኩልፎና ቱላ የተባሉት ዝርያዎች ከሀዋሳ ምርምር ማዕከል ወጥተው ለአርሶ አደሩ የደረሱ ናቸው። በዓለም ደረጃም ይህንን ድንች ያሻሻሉና ያስፋፉ ሦስት ተመራማሪዎች፣ በንጥረ ነገር የበለጸጉ ሰብሎችን ሐሳብ ካራመዱ አንድ ባልደረባቸው ጋር እ.ኤ.አ. የ2016ን የዓለም የምግብ ሽልማት ተጋርተዋል።

ቫይታሚን ኤ ያነሰው ልጅ ምን ይሆናል? አያቶቻችን ዳፍንት የሚሉት ነው የመጀመሪያው ምልክት፤ ቀን በደንብ የሚያየው ልጅ ሲመሽ በር ይገጫል፣ የወደቀ ነገር ዳብሶ ይፈልጋል። ችግሩ ሲብስ ዓይኑ ሊጠፋ ይችላል። ዓይኑ ከመነካቱ በፊት ግን በሽታ የመከላከል አቅሙ ይዳከማል፤ ኩፍኝና ተቅማጥ ሲይዙት ከሌላው ልጅ ይልቅ ይጎዱታል። በጤና ጣቢያ ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ላሉ ልጆች በየ6 ወሩ የሚሰጠው የቫይታሚን ኤ እንክብል በምንም ሁኔታ ሊቀር አይገባም። በሁለቱ ዙሮች መካከል ያለውን ጊዜ የሚሞላው ግን ጓሮው ነው።

ድንቹ ሲበላ ማስተዋል የሚያሻው ነገር አለ። ቫይታሚን ኤ የሚዋሃደው ቅባት ሲያገኝ ነው። ከልጁ ድንች ላይ ትንሽ ቅቤ ወይም ዘይት ጣል ማድረግ፣ እሱም ከሌለ ከጓሮው አቮካዶ ፈጭቶ መቀላቀል በቂ ነው። ድንቹን ከነልጣጩ፣ ድስቱን ከድኖ መቀቀል ይመረጣል። ቆራርጦ ፀሐይ ላይ ለረጅም ጊዜ ማስጣት ግን ቀለሙን፣ ከቀለሙ ጋርም ንጥረ ነገሩን ያጠፋዋል።

የዚህ ድንች ትልቁ ችግር ጣዕሙ አይደለም፤ ልጆች እንዲያውም ይወዱታል። ችግሩ ሐረጉ ነው። ስኳር ድንች የሚተከለው በሐረግ ቁራጭ ስለሆነ በጋው ሲረዝም ሐረጉ ይደርቃል፤ ዝናብ ሲመጣ የሚተከል ይታጣል። እዚህ ላይ ነው ጎረቤት የሚያስፈልገው። ሁሉም ቤት በየፊናው ሐረግ ለማቆየት ከሚቸገር፣ ውኃ የሚቀርበው አንድ ቤት ለሰፈሩ ጠብቆ ቢያቆየው ይሻላል። እቃ የታጠበበት ውኃ እንኳ ለጥቂት መደብ ሐረግ ይበቃል። ሌላም መላ አለ፤ ጤነኛ ትንንሽ ድንቾችን መርጦ በደረቅ አሸዋ ውስጥ ማቆየት፣ ዝናቡ ሊገባ 6 ወይም 8 ሳምንት ሲቀረው ጓሮ ተክሎ ውኃ እያጠጡ ማብቀል፣ ከዚያም ሐረጉን ቆርጦ መከፋፈል። አንድ ቤት ያተረፈው ሐረግ በአንድ ክረምት ለብዙ ቤት ይደርሳል።

ጎመን፣ ዱባና ሽፈራው ብዙ ማብራሪያ አይፈልጉም። ቅጠሉ ጥቁር አረንጓዴ በሆነ ቁጥር ይሻላል። ሽፈራው ጥሩ ምግብ ነው፤ ነገር ግን በየገበያው እንደሚነገርለት የደም ግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት የሚያስጥል አይደለምና መድኃኒታችሁን እንዳታቋርጡ። ዳጣ በትኩሱ ሲበላ ከአረንጓዴ ቃሪያው የሚገኘው ቫይታሚን ሲ የጎመኑና የቦሎቄው ብረት ማዕድን እንዲዋሃድ ያግዛል። ቡናውም ሆነ የቡና ቅጠሉ ግን በተቃራኒው ብረትን ያግዳሉ፤ በተለይ ነፍሰ ጡሮች ከምግብ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት ቢያቆዩት መልካም ነው። ዳጣን ስናነሳ የወላይታ ቁርጥ ትዝ የሚለው አንባቢ ይኖራል፤ የጥሬ ሥጋ ነገር ራሱን የቻለ ጽሑፍ ስለሚፈልግ ለሌላ ጊዜ እናቆየው።

ካሳቫ ግን ሳይጠቀስ አይታለፍም። መራራው ዓይነት በሰውነት ውስጥ ወደ ሲያናይድ መርዝ የሚለወጥ ንጥረ ነገር አለው። መላጥ፣ መቆራረጥ፣ ውኃ ውስጥ መዘፍዘፍና በደንብ ማድረቅ፣ የሚቀቀል ከሆነም ክዳኑን ከፍቶ ቀቅሎ ውኃውን መድፋት የግድ ነው። በችግር ጊዜ ረሃብ ስለሚያጣድፍ እነዚህ ሥራዎች ይዘለላሉ፤ ጉዳት የሚደርሰውም ያኔ ነው።

አፈሩ በእግር ሲገባ

አሁን ወደ ሌላው ወገን እንሂድ። የጓሮ አፈር ንጹሕ ካልሆነ ሁለት ዓይነት ትል በቀላሉ ይሰጣል። ወስፋት በአፍ ይገባል፤ እንቁላሉ በአፈር ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ሊቆይ ስለሚችል ያልታጠበ እጅና ያልታጠበ አትክልት ይበቁታል። በተለምዶ ሁክዎርም የሚባለው ግን አፍ አያስፈልገውም፤ እጩ እርጥብ አፈር ላይ ቆይቶ የባዶ እግርን ቆዳ በስቶ ይገባል። አንጀት ደርሶ ደም ይመጣል። ያቺ ለነፍሰ ጡሯ ተብላ የተቀጠፈችው ጎመን የሰጠችውን ብረት፣ ጎመኗ በተቀጠፈችበት መደብ የገባው ትል ይወስደዋል።

ይህ ለወላይታ ሩቅ ወሬ አይደለም። ጌሺያሮ የተባለው ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. ከ2010ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በጤና ሚኒስቴርና በአጋሮቹ የተካሄደው በዚሁ ዞን ነው። ስሙ በወላይትኛ ንጽሕናን ያመለክታል። ዓላማው የአንጀት ትሎችንና ቢልሃርዚያን ስርጭት መግታት ሲሆን፣ ለተማሪዎች ብቻ ይሰጥ የነበረውን የትል መድኃኒት ለመላው ነዋሪ ማዳረስንና ከውኃና ከመጸዳጃ ቤት ሥራ ጋር ማያያዝን ይዟል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ልጁ ትምህርት ቤት መድኃኒት ውጦ ከተመለሰ በኋላ አባትና እናት ሳይወስዱ ከቀሩ፣ ከሜዳውና ከጓሮው መልሶ ይይዘዋል። መድኃኒት ሲታደል ቤተሰቡ በሙሉ መውሰድ አለበት። ነፍሰ ጡሮች በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የትል መድኃኒት ስለማይወስዱ አስቀድመው ለጤና ባለሙያው መናገር ይኖርባቸዋል።

ሦስተኛው የአፈር ጠባሳ ትል አይደለም፤ ጀርምም አይደለም። ዝሆኔ ብለን የምንጠራው የእግር እብጠት በደጋውና በወይና ደጋው ወላይታ በአብዛኛው የሚመጣው ከራሱ ከቀይ አፈሩ ነው። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጠረው ቀይ ሸክላማ አፈር እጅግ ደቃቅ የማዕድን ብናኝ አለው። ለዓመታት በባዶ እግር ሲረገጥ ብናኙ በቆዳ በኩል ገብቶ ፈሳሽ የሚያመላልሱትን የሊምፍ ቱቦዎች ያስቆጣል፤ ቱቦዎቹ ይደፈናሉ፤ እግሩ ያብጣል። በኢትዮጵያ ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ እግርና አቧራ የሚሉትን የግሪክ ቃላት አጣምሮ ፖዶኮኒዮሲስ ብሎታል። በትንኝ ከሚተላለፈው የዝሆኔ ዓይነት የተለየ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት በወላይታ ከ100 ሰዎች ከ5 የሚበልጡት ይህ ሕመም እንዳለባቸው አሳይቷል። ከዚያ በኋላ የወጣ ሌላ ጥናት በሽታው በዞኑ ብቻ በየዓመቱ ከ16 ሚሊዮን ዶላር በላይ ኪሳራ እንደሚያደርስና ታማሚው ከሥራ ቀኑ እስከ ግማሽ የሚጠጋውን እንደሚያጣ ገምቷል። እዚህ ላይ ልብ ይበሉ፤ ሥራ የሚያጣው አራሹ ነው፤ ጓሮው የሚራቆተውም የእሱው ነው። በዚያ ላይ መገለሉ አለ። ከልጃገረድ ጋብቻ እስከ ገበያ መቀመጫ ድረስ እግር ያበጠበት ሰው የሚደርስበትን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ሕመሙ ግን ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ እርግማንም አይደለም። በአንድ ቤተሰብ የሚደጋገመው አንዳንድ ሰው ለአፈሩ በተፈጥሮ ይበልጥ ተጋላጭ ስለሆነ እንደሆነ እ.ኤ.አ. በ2012 ከወላይታ ቤተሰቦች በተገኘ ናሙና የተሠራ የዘረመል ጥናት አመልክቷል። ተጋላጩም ቢሆን ጫማ ካደረገ አይታመምም።

ጫማ! ነገሩ ሁሉ እዚህ ይጠቃለላል፤ ግን ቀላል አይደለም። በብዙ ቤት ጫማ አለ፤ የሚደረገው ግን ለገበያ፣ ለቤተ ክርስቲያንና ለለቅሶ ነው። ጓሮ ሲገባ ይወልቃል፤ እንዳይቆሽሽ፣ እንዳያልቅ። ጫማው የሚያስፈልገው ግን በተለይ እዚያ ነው። በረባሶ ከእሾህ ይጠብቃል እንጂ አፈሩ ከላይ ይገባል። የተሸፈነ ኮንጎ ወይም ቦት ጫማ ለጓሮ ሥራ ብቻ ቢለይ ይመረጣል። ፕላስቲክ ያልባል፤ ስለዚህ ከሥራ በኋላ አውልቆ እግርንም ጫማንም ማጠብና ማድረቅ ያስፈልጋል። እንሰት የሚፍቁ ሴቶች ግንዱን በእግራቸው ደግፈው ስለሚይዙ ጫማ ላይመቻቸው ይችላል፤ እነሱ ከሥራው በፊትና በኋላ በሳሙና መታጠባቸው፣ ቆዳቸው እንዳይሰነጠቅም ቫዝሊን መቀባታቸው ይጠቅማቸዋል። ሙጃሌም ከነዚሁ ልማዶች ጋር ይሸሻል።

ደቦ የጠራ ቤት ጠላውንና ንፍሮውን እንደሚያዘጋጅ ሁሉ አንድ ጀሪካን ውኃና አንድ ሳሙና በር ላይ ቢያኖር፣ ሠራተኛው ሁሉ ከመብላቱ በፊት እጁን፣ ከመሄዱ በፊት እግሩን ታጥቦ ይለያያል። በዚያው አጋጣሚ የእንሰት ቢላዋውንም ከአንዱ ጓሮ ወደ ሌላው ከመውሰድ በፊት በእሳት ማስነካት ነው፤ የእንሰት አጠውልግ በሽታ የሚዛመተው በተዋሱት ቢላዋ ጭምር ነውና።

እግሩ የጀመረው ሰውስ? መጀመሪያ የጣቶቹ አካባቢ ያሳክካል፤ ሌሊት እግሩ ያቃጥላል፤ አመሻሽ ላይ ያበጠው ጠዋት ይጎድላል። በዚህ ደረጃ ከተያዘ ወደ ኋላ ሊመለስ ይችላል። ሕክምናው ውድ ማሽን አይጠይቅም፤ በየቀኑ በሳሙናና በውኃ መታጠብ፣ በጤና ባለሙያ በተነገረው መጠን በረኪና በተጨመረበት ውኃ መዘፍዘፍ፣ በጣቶቹ መካከል ሳይቀር ማድረቅ፣ ቅባት መቀባት፣ ሲቀመጡ እግርን ከፍ ማድረግ፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ ነው። ይህ ቀላል እንክብካቤ በምሥራቅ ጎጃም በተደረገና እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመ ጥናት ትኩሳት ያለበትን የእግር መቆጣት በግልጽ ቀንሷል። ሶዶ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የሚሠራው የሞሲ ፉት ማኅበርም በዞኑ በተለያዩ ቦታዎች ይህንኑ እያስተማረ፣ ላበጠ እግር የሚሆን ጫማ እያሠራ ቆይቷል። ከሚያስተምሩት መካከል ራሳቸው ታመው የዳኑ ይገኙበታል። ምክራቸው የሚሰማውም ለዚህ ይመስለናል፤ ታጠብ የሚለው ሰው የራሱን እግር ማሳየት ይችላላ።

እግሩ በድንገት ግሎ፣ ቀልቶና አብጦ ትኩሳት የያዘው ታማሚ ግን በዚያ ቀን መሥራት የለበትም። እግሩን ከፍ አድርጎ ይተኛ፣ ብዙ ፈሳሽ ይጠጣ፣ ወደ ጤና ጣቢያም ይወሰድ። ብዙዎች አረሙ ያልፍብናል ብለው በሕመማቸው ላይ ማሳ ይወርዳሉ፤ እግሩም ከበፊቱ ብሶ ይቀራል። እነዚያን ጥቂት ቀናት መደቡን የሚያርምለትና ሐረጉን ውኃ የሚያጠጣለት ጎረቤት ያስፈልገዋል።